ጄሉ ለምን ፈረፈረ? የጸጉር ማስያዣዎችን ይዘት ማንበብና በራስ ጸጉር ላይ መሞከር

የተገዛ ጄል ወይም ክሬም ሁለት ቀን ይሞከርና "ይሄስ ለእኔ ጸጉር አይሆንም" ተብሎ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። አንዳንዴ ፍርዱ ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጄሉ ሲቀባ ጸጉሩ ከሚገባው በላይ ደርቆ ነበር፣ ከስር የተቀባው ክሬም ከጄሉ ጋር አይስማማም፣ ወይም መጠኑ በዝቷል። ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ የሚታወቀው የዕቃውን ጀርባ በማንበብና በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ በመሞከር ነው። ፊት ለፊት በትልቁ የሚጻፈው "ተፈጥሯዊ"፣ "ለ48 ሰዓት"፣ "በኬራቲን የበለጸገ" የሚለው ለዚህ ሥራ ብዙም አይጠቅምም።

## ማስያዣ የሚይዘው እንዴት ነው?

ጸጉር ውሃ ሲነካው በውስጡ ያሉት የሃይድሮጂን ትስስሮች ይላቀቃሉ። ሲደርቅ ደግሞ በዚያ ሰዓት በያዘው ቅርጽ እንደገና ይተሳሰራሉ። በቢጎዲን ተጠቅልሎ የደረቀ ጸጉር ተጠምዝዞ የሚቀረው ለዚህ ነው፤ ላብ ወይም ጭጋግ ሲያገኘው የሚፈታውም ለዚሁ ነው። ማስያዣው አዲስ ቅርጽ አይፈጥርም፤ ጸጉሩ ሲደርቅ የያዘውን ቅርጽ ከውጭ ሆኖ ያቆያል እንጂ። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ በደረቀ ጸጉር ላይ ጄል ቀብቶ ጥቅልሉ እንዲወጣ መጠበቅ ትርፉ ድካም ነው።

የማቆያው መንገድ ሁለት ነው። ጄል፣ ሙስ (አረፋ ሆኖ የሚወጣው ማስያዣ) እና ስፕሬይ ፖሊመር የሚባሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች አሏቸው። ውሃው ወይም አልኮሉ ሲተን ፖሊመሩ በጸጉሩ ዙሪያና ጸጉር ከጸጉር በሚነካካበት ቦታ ሁሉ ቀጭን ሽፋን ሆኖ ይደርቃል። ይህ ሽፋን አንዴ በእጅ ወይም በሚዶ ከተሰበረ ውሃ ካላገኘ መልሶ አይጋጠምም። ዋክስና ቅባታማ ፖሜድ ግን አይደርቁም። የሚይዙት በሰምና በቅባት እያጣበቁ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በጣት ቢያስተካክሉት ይታዘዛል፤ በዚያው ልክ ከበድ ይላል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ሲታጠቡም ያስቸግራል። እጁ ከጸጉሩ የማይለይ ሰው ጄል ገዝቶ በፍርፋሪ ከሚማረር ከመነሻው ከሁለተኛው ወገን ቢመርጥ ይሻለዋል።

## ዝርዝሩ በምን ሕግ ይጻፋል?

በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ ደንብ ንጥረ ነገሮች የሚዘረዘሩት በክብደት ከብዙ ወደ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ከ1% በታች የሆኑት እርስ በርሳቸው በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊጻፉ ይችላሉ፤ ቀለሞችም መጨረሻ ላይ ይሰበሰባሉ። የላይኛው ክፍል እንግዲህ እውነተኛ ደረጃ ነው። የታችኛው ክፍል ግን አምራቹ ያማረውን ስም ወደ ፊት የሚያመጣበት ሜዳ ነው።

ድንበሩ የት እንደሆነ መለያው ላይ አይጻፍም። የሚጠቁሙ ስሞች ግን አሉ። ፌኖክሲኢታኖል የተባለው ከብልሽት መከላከያ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከ1% መብለጥ አይችልም። ጄል የሚያወፍረው ካርቦመርም አብዛኛውን ጊዜ ከ1% በታች ነው የሚገባው፤ ዲሶዲየም ኢዲቲኤና ሽቶም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱን ሲያዩ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በጥቂቱ የገባ ነው ብለው ቢወስዱ ብዙም አይሳሳቱም።

አንድ የተለመደ ዓይነት ጄል እንውሰድ። መለያው ላይ ስሞቹ በላቲን ፊደል ናቸው፤ እንደ አነባበባቸው ሲጻፉ እንዲህ ይሆናሉ፦

አኳ፣ ፒቪፒ፣ ግሊሰሪን፣ ካርቦመር፣ ትራይኢታኖላሚን፣ ፖሊሶርቤት 20፣ ፌኖክሲኢታኖል፣ ፓንቴኖል፣ ሃይድሮላይዝድ ኬራቲን፣ አሎ ቬራ፣ ዲሶዲየም ኢዲቲኤ፣ ፓርፋም፣ ሊናሉል፣ ቀለም።

አኳ ውሃ ነው፤ የጄል አብዛኛው ክፍል ውሃ ነው። ፒቪፒ የሚይዘው ፖሊመር ሲሆን ከውሃ ቀጥሎ መምጣቱ ጄሉ ጠንከር ያለ እንደሆነ ይናገራል። ግሊሰሪን እርጥበት ይስባል፣ ሽፋኑም ደርቆ እንዳይሰባበር ያለዝበዋል። ካርቦመር ለብቻው አሲዳማና ቀጭን ነው፤ ትራይኢታኖላሚን አሲዱን ሲያበርድለት ያብጥና ውሃውን ጄል ያደርገዋል። ሁለቱ ሁልጊዜ ጎን ለጎን የሚታዩት ለዚህ ነው (በትራይኢታኖላሚን ፋንታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም አሚኖሜቲል ፕሮፓኖል ሊሆን ይችላል፤ በዚህ መጠን ሲገባ ካርቦመሩ ያረክሰዋልና ስሙን አይተው አይደንግጡ)። ፖሊሶርቤት 20 ሽቶው ውሃው ውስጥ እንዲሟሟ ያደርጋል። ከዚያ ፌኖክሲኢታኖል ይመጣል፤ ኬራቲኑና እሬቱ ከእርሱ በታች ናቸው። ጠርሙሱ ፊት ላይ በወርቃማ ፊደል የተጻፈው ግን ኬራቲኑ ነው። ይህ ጄሉን መጥፎ አያደርገውም። ሥራውን የሚሠራው ፒቪፒው መሆኑን አውቀው ይግዙት ለማለት ያህል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ "ታች የተጻፈ ሁሉ ከንቱ ነው" የሚለው አባባል በሰፊው ይወራል፤ ትክክል ግን አይደለም። ካርቦመር፣ ከብልሽት የሚከላከሉት፣ አንዳንድ ፖሊኳተርኒየሞች (ከሚይዙት ፖሊመሮች አንዱ ወገን) ከ1% በታች ሆነው ሥራቸውን በሚገባ ይሠራሉ። አለርጂ የሚያስነሱትም ብዙዎቹ ታች ያሉት ናቸው። ጥያቄው ያ ንጥረ ነገር በዚያ መጠን ምን ይሠራል የሚለው ነው።

## ዋና ዋናዎቹ ወገኖች

ከሚይዙት ፖሊመሮች ፒቪፒ እርጥበት ይወዳል። አየሩ ሲርስ ሽፋኑ ይላላል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ይሰባበራል። ቪፒ/ቪኤ ኮፖሊመር የዚሁ ዘመድ ሆኖ እርጥበት የሚስበው ባነሰ መጠን ነው፤ ስለዚህ ጭጋግና ዝናብ በሚበዛበት ጊዜ የተሻለ ይቆያል። በስማቸው ውስጥ አክሪሌትስ የሚል ቃል ያለባቸው በስፕሬይ ውስጥ ይበዛሉ። ፖሊኳተርኒየም የሚባሉት ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው፤ የጸጉር ገጽ ደግሞ ኔጌቲቭ ስለሆነ ይጣበቁበታል። ስለዚህ ይይዛሉም፣ ያለሰልሳሉም፤ ሙስ ውስጥ የሚመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። ከስማቸው በኋላ የሚመጣው ቁጥር (4፣ 11፣ 69) የጥንካሬ ደረጃ አይደለም፤ አንዱን ከሌላው መለያ ብቻ ነው።

እርጥበት ሳቢዎቹ ግሊሰሪን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ሶርቢቶልና ማር ናቸው። ልከኛ እርጥበት ባለው አየር ጸጉሩን ለስላሳ ያደርጉታል። አየሩ እርጥበት ሲጠግብ ግን ውሃ ወደ ጸጉሩ ስለሚስቡ ጸጉሩ ያብጥና ይንጨበረራል። በደረቅ ቀን ሸጋ የነበረው ጸጉርዎ በዝናብ ቀን ብቻ የሚንጨበረር ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከላይኛዎቹ ሦስትና አራት ስሞች መካከል ያለው ግሊሰሪን ነው።

አልኮል ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። ኢታኖል፣ "አልኮል ዲናት" እና አይሶፕሮፒል አልኮል ቶሎ የሚተኑ ናቸው፤ ስፕሬይ በሰከንዶች የሚደርቀው በእነርሱ ነው፤ በየቀኑና በብዛት ሲነኩት ጸጉሩን ያሻክራሉ። ሴቲል፣ ሴቴሪልና ስቴሪል አልኮል ግን ሰም የሚመስሉ ጠጣር ነገሮች ናቸው፤ ክሬሙን ያወፍራሉ፣ ጸጉሩንም ያለሰልሳሉ። "ከአልኮል ነፃ" በሚል ክሬም ጀርባ ሴቴሪል አልኮል ቢያገኙ ውሸት አልተጻፈም፤ የሚያደርቀው ዓይነት የለበትም ለማለት ነው።

ሲሊኮን በስሙ መጨረሻ ይታወቃል፦ "ኮን"፣ "ኮኖል" ወይም "ሲሎክሴን"። ዲሜቲኮን ጸጉሩን ያንሸራትታል፣ ያብለጨልጫል፤ በውሃ ብቻ አይለቅም። ከፊቱ "ፔግ" የተጻፈበት፣ ለምሳሌ ፔግ-12 ዲሜቲኮን፣ በውሃ ይሟሟል። ሳይክሎፔንታሲሎክሴን ደግሞ ሌሎቹን ካዳረሰ በኋላ ተንኖ ይሄዳል። ሲሊኮን ጸጉር ያበላሻል የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው። ችግር የሚመጣው ሰልፌት (ቅባት የሚያስለቅቅ ጠንካራ ማጽጃ) ያለው ሻምፖ ጨርሶ በማይነካ ጸጉር ላይ በየቀኑ ሲደራረብ ነው፤ ያኔ ጸጉሩ ይፈዛል፣ ሌላ ምርትም አልይዝ ይለዋል።

ስለ ቅባቶች፦ የኮኮናት ዘይት ወደ ጸጉሩ ውስጥ ይገባል። ቫዝሊንና ሚነራል ኦይል ላይ ላዩን ቀርተው ያለውን እርጥበት ያቆያሉ፤ እርጥበት አይጨምሩም። ስለዚህ የደረቀ ጸጉር ላይ ቫዝሊን መቀባት ድርቀቱን ማሸግ ነው፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ቅባት። ፖሜድ ሲገዙ አንደኛውን ስም ይዩ። ውሃና ሴቴሬት-25 ከላይ ካሉ በውሃ ይታጠባል። ፔትሮላተም፣ ላኖሊን ወይም ሰም ከሆነ በውሃ አይለቅም። ይህኛውን ለማስለቀቅ ጸጉሩ ሳይረጥብ ኮንዲሽነር ወይም ቀለል ያለ ዘይት አሽተው 5 ደቂቃ ይቆዩ፣ ከዚያ ሻምፖውን በደረቁ ጨምረው ይሹት፣ ውሃውን በመጨረሻ ያምጡ። ውሃ ከቀደመ ቅባቱ ሻምፖውን ስለማያቀርብ ሦስት ጊዜ ቢታጠቡም ያው ነው።

## መዳፍ ላይ ያለው ሙከራ

ነጭ ፍርፋሪ ካስቸገረዎት ከዚህ ይጀምሩ። ከስር የሚቀቡትን ክሬም ወይም ሳይታጠብ የሚቀረውን ኮንዲሽነር ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ጄሉንም ሩብ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ መዳፍ ላይ ያድርጉና በጣት ለ30 ሰከንድ ያሹ። ድብልቁ ልሙጥ ሆኖ ከቀጠለ ይስማማሉ። ከተቋጠረ፣ ጥቃቅን ነጭ እንክብሎች ካወጣ፣ ወይም ውሃው ለብቻ ከተለየ ጸጉርዎ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ያ እንክብል ነው ደርቆ ትከሻ ላይ የሚወርደው።

ምክንያቱ ቻርጅ ነው። ካርቦመር ኔጌቲቭ ነው። ኮንዲሽነርን የሚያለሰልሱት ቤሄንትሪሞኒየምና ሴትሪሞኒየም የሚባሉት ደግሞ ፖዘቲቭ ናቸው። ሲገናኙ ይያያዙና ከውሃው ተለይተው ይቋጠራሉ። እያንዳንዱ ምርት ለብቻው ጥሩ ነው፤ ጥምረቱ ነው ያልሆነው።

ካርቦመር ጨውም አይችልም። ጥቂት ጄል ሳህን ላይ አድርገው ቁንጥር ጨው ቢነሰንሱበት ወዲያው ይቀጥናል። የባሕር ጨው ስፕሬይ (ሶዲየም ክሎራይድ ወይም ማግኒዥየም ሰልፌት ያለበት) ረጭተው በላዩ ጄል ሲቀቡ ጄሉ ውሃ የሚሆንብዎ ለዚህ ነው። በጣም የሚያልበው መዳፍም በጥቂቱ ይህንኑ ያደርጋል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። ወይ የስሩን ክሬም ትተው ኮንዲሽነሩን ሻወር ውስጥ በደንብ አጥበው ያስለቅቁ፤ ወይ ወፍራምነቱ ከሌላ ነገር የመጣ ጄል ይምረጡ። ሃይድሮክሲኢቲልሴሉሎስ ወይም ሃይድሮክሲፕሮፒል ጓር ያለባቸው ከኮንዲሽነር ጋር በተሻለ ይስማማሉ። ከገዙት በኋላም ሙከራውን ይድገሙት፤ የሚይዘው ፖሊመር ራሱ ሊጣላ ይችላልና።

## ቆዳ ከጸጉር ይቀድማል

አዲስ ምርት ጸጉር ላይ ከመዋሉ በፊት የክርን እጥፋት ላይ ይሞከር። የሳንቲም ያህል ስፋት ባለው ቦታ ላይ ጠዋትና ማታ ይቀቡ፤ ሳይታጠብ የሚቀር ምርት ስለሆነ አይጠቡት፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቀጥሉ። አንድ ሌሊት ብቻ መሞከር አይበቃም፤ የንክኪ አለርጂ ብዙ ጊዜ ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው። ቦታው ከቀላ፣ ካሳከከ ወይም ሽፍታ ካወጣ ይጠቡትና ያቁሙ። ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ ግን ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጠረጠሩት ሽቶዎች፣ ከብልሽት የሚከላከሉት፣ ላኖሊንና ከዕፅዋት የሚወጡ ጠረናም ዘይቶች ናቸው። "ተፈጥሯዊ ሽቶ" አለርጂ አያመጣም የሚል ዋስትና የለም፤ ሊናሉል፣ ሊሞኒንና ጄራኒዮል ራሳቸው በላቬንደር፣ በሎሚና በጽጌረዳ ዘይት ውስጥ አሉ። ሳይታጠብ በሚቀር ምርት ውስጥ እነዚህ ከ0.001% ካለፉ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በስማቸው መጻፍ አለባቸው፤ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የሚያዩዋቸው ለዚህ ነው። ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የተባለውን መከላከያ ደግሞ ያው ኅብረት ሳይታጠቡ ከሚቀሩ መዋቢያዎች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከልክሎታል። በጄልዎ ጀርባ ካገኙት ጄሉ ለዚያ ገበያ የተሠራ አይደለም፤ ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሰው ቢተወው ይመረጣል።

"ሃይፖአለርጀኒክ" (አለርጂ የማስነሳት ዕድሉ አነስተኛ) የሚለው ቃል ብዙ አይመዝንም። "ያለ ጠረን" የሚለውም ሽቶ የለበትም ማለት ላይሆን ይችላል፤ የሌላውን ጠረን የሚሸፍን ሽቶ ሊገባበት ይችላል። ዝርዝሩ ላይ "ፓርፋም" መኖር አለመኖሩን ማየት ይቀላል።

## ግማሽ ራስ ላይ መሞከር

አዲስ ምርት ከትናንቱ ትዝታ ጋር ማወዳደር አያዋጣም፤ አየሩም፣ ሻምፖውም፣ አደራረቁም ተለውጧል። በአንድ ራስ ላይ፣ በአንድ ቀን፣ ግራና ቀኝ ማወዳደር ግን ግልጽ መልስ ይሰጣል።

1. ሰልፌት ባለው ሻምፖ (ሶዲየም ላውረት ሰልፌት የመሰለ) አንድ ጊዜ በደንብ ይታጠቡ። የቆየ ቅባትና ሲሊኮን ካልለቀቀ የሚፈትኑት አዲሱን ምርት ሳይሆን የድሮውን ክምችት ነው። የለመዱትን ኮንዲሽነር ተጠቅመው ያጥቡት።

2. ጸጉሩን ከግንባር እስከ ማጅራት መሐል ለመሐል ይክፈሉ። በአንዱ ጎን የለመዱትን፣ በሌላው አዲሱን ይቀባሉ።

3. እርጥበቱን ይወስኑ። ጥቅልልና ከርዳዳ ጸጉር ለጄል ሲጨመቅ ውሃ የሚወጣው መሆን አለበት። ሉጫና ቀጭን ጸጉር በፎጣ ተጨምቆ ጥቂት እርጥበት ሲቀረው ይበቃዋል። ዋክስና ቅባታማ ፖሜድ የደረቀ ወይም ለስለስ ያለ እርጥበት ያለው ጸጉር ይፈልጋሉ፤ እርጥብ ጸጉር ላይ ይንሸራተታሉ እንጂ አይይዙም።

4. መጠኑን በማንኪያ ይለኩ። ትከሻ ለሚደርስ ጸጉር ለአንድ ጎን ጄል አንድ የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ ሊትር)፣ ክሬም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል መነሻ ይሆናል። አጭር ጸጉር ሩብ ማንኪያ ይበቃዋል፤ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ሁለት ሊወስድ ይችላል። ዋክስ በጥፍር ጫፍ ተጭሮ የወጣው ያህል ነው፤ በሁለት መዳፍ መሐል ታሽቶ እስኪጠፋ ድረስ ይሙቅ፤ ካልሟሟ ጸጉሩ ላይ ጓል ሆኖ ይቀራል።

5. ጎኑን ለሁለት ወይም ለሦስት ከፋፍለው ከጫፍ ወደ ሥር ይቀቡ፤ ሰፋፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ አንዴ ያሳልፉ። የራስ ቆዳውን አይንኩት።

6. ሁለቱን ጎኖች በአንድ ዓይነት መንገድ ያድርቁ። በፎን ከሆነ በመካከለኛ ሙቀትና በዝቅተኛ ንፋስ። መቶ በመቶ እስኪደርቅ እጅ አይግባበት።

7. ጄሉ ደርቆ ጸጉሩን ድርቅ ያለ ቅርፊት ካደረገው ጥሩ ምልክት ነው። ከጫፍ ጀምረው በመዳፍ እየጨመቁ ያላልሉት፤ ቅርፊቱ ይሰበራል፣ ቅርጹ ይቀራል። ካስቸገረ ሁለት ጠብታ ዘይት መዳፍ ላይ ያሹ። ብዙ ሰው ጄል የሚጠላው እዚህ ደረጃ ላይ ሳይደርስ ነው።

8. እንደደረቀ፣ 4 ሰዓት ቆይቶ፣ ማታና በነጋታው ጠዋት ይመልከቱት። የሚጻፈው ጥቂት ነው፦ ያዘ ወይስ ላላ፣ ተጣበቀ፣ ተንጨበረረ፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ ቢያራግፉት ፍርፋሪ ወረደ፣ አሳከከ። አየሩ ደረቅ ነበር ወይስ ዝናብ የሚለውንም ይጨምሩ።

ፍርዱን ከሦስት እጥበት በኋላ ይስጡ። በሁለተኛው ጎኖቹን ይቀያይሩ። የሚተኙበት ጎን ሁልጊዜ ይበልጥ ይታሻል፤ ብዙ ሰውም አንዱ ጎን ከሌላው ይበልጥ ይጠመዘዝበታል።

## ምን ይበላሻል፣ ለምን?

ፍርፋሪው የጄሉ ነው ወይስ ፎረፎር? አንዱን ፍርፋሪ ጣት ላይ አድርገው የውሃ ጠብታ ይጨምሩና ያሹት። የጄል ፖሊመር ከሆነ ይሟሟል ወይም ይንሸራተታል፤ ፎረፎር ሳይሟሟ ይቀራል። የጄሉ ከሆነና የመዳፍ ሙከራውን ካለፈ፣ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ። አሁንም ካለ፣ ትናንት በተቀባ ጄል ላይ ዛሬ ደርበው ይሆናል። ለሁለተኛው ቀን አዲስ ጄል አይጨምሩ፤ በውሃ ርጭት የትናንቱን ያለስልሱት። ለግንባር ዳር ጸጉር የሚደረገው ጠንካራ ማስያዣ በቀን ሁለት ሦስቴ ስለሚደራረብ በዚህ ጉዳይ የታወቀ ነው።

ሰዓታት አልፈውም የሚጣበቅ ከሆነ ወይ ገና አልደረቀም፣ ወይ ግሊሰሪኑ በዝቷል፣ ወይ ፒቪፒው እርጥብ አየር አግኝቷል። በፎን 2 ደቂቃ ቢያሞቁት ምክንያቱ ይለያል፦ ደርቆ ከቀረ መጀመሪያውኑ አልደረቀም ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ከተጣበቀ ችግሩ ይዘቱ ነው።

ሲደርቅ ወዲያው የሚንጨበረር ጥቅልል ጸጉር አብዛኛውን ጊዜ ጄሉ ሲቀባ ውሃ አንሶት ነበር። ሰው ግን ጄሉን ነው የሚጨምረው። ውሃውን ይጨምሩ።

ጸጉሩ ገለባ ገለባ ካለ፣ ክሬሙም፣ ጄሉም፣ ኮንዲሽነሩም ሃይድሮላይዝድ ፕሮቲን (ኬራቲን፣ የስንዴ፣ የሐር) እንዳላቸው ይፈትሹ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ፕሮቲን በሌለው ይተኩ። ግንባር ላይ ብጉር ከወጣ ፖሜዱ ወደ ቆዳው እየወረደ ነው፤ ከጸጉሩ መነሻ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ይቀቡት፣ የትራስ ልብሱንም ይቀይሩ። የግንባር ዳር ጸጉር ከሳሳ ግን ጥፋቱን ከማስያዣው በፊት አጥብቆ በሚጎትተው ሹሩባ ወይም አስተሳሰር ላይ ይፈልጉ።

## ሙቀትና ስፕሬይ

ፒያስትራ ሲያደርጉ የቀቡት ነገር ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት። "ጭስ" የሚል ድምፅ ከሰሙ ውሃው ጸጉሩ ላይ እየፈላ ነው፤ እንፋሎቱ ጸጉሩን ከውስጥ አረፋ እየሠራ ይሰብረዋልና ያቁሙ። ለቀጭን ጸጉር 150 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይጀምሩ፤ ለወፍራሙም ከ200 አይለፉ። ከሙቀት ይከላከላል የሚባለው ስፕሬይ ሙቀቱ በዝግታ እንዲደርስ ያደርጋል እንጂ አያስቀረውም።

ማስያዣ ስፕሬይ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይረጫል፤ ቀርቦ የተረጨ አንድ ቦታ ያረጥብና ያደድራል። አልኮሉም ስፕሬዩን የሚገፋውም ጋዝ (ቡቴን፣ ፕሮፔን፣ ዳይሜቲል ኢተር) በእሳት ይያያዛሉ፤ ሻማ፣ ምድጃ ወይም ሲጋራ አጠገብ አይረጭም፣ እስኪደርቅም እሳት አይጠጉ። የጋዝ ሙስ ቆርቆሮ ደግሞ ተናውጦ አብዛኛውን ጊዜ አፉ ወደ ታች ሆኖ ነው የሚጨመቀው፤ ቀጥ ብሎ ከተጨመቀ ጋዙ ቀድሞ ያልቅና ሙሱ ውስጥ ይቀራል።

"ኬራቲን ሕክምና" በሚል የሚሸጡ ማለስለሻዎች ሌላ ነገር ናቸው። ሜቲሊን ግላይኮል ወይም ፎርማሊን የሚል ስም ካለባቸው በፒያስትራ ሲሞቁ ፎርማልዴሃይድ ጋዝ ይወጣቸዋል፤ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥለው እርሱ ነው። እነዚህን በቤት ውስጥ ግማሽ ራስ ላይ አይሞክሩ።

## ከተከፈተ በኋላ

ክዳኑ የተከፈተ ማሰሮ ሥዕል ውስጥ ያለው ቁጥር (6፣ 12፣ 24) ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚቆይ ነው የሚናገረው። የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ታችኛው ላይ ይጻፉ። ከማሰሮ በጣት ሳይሆን በንጹሕ ማንኪያ ይውሰዱ። የወፈረ ጄል ውስጥ ውሃ አይጨምሩ፤ ከብልሽት የሚከላከለውም አብሮ ይቀጥንና ሻጋታ ይጀምራል። ቀለሙ ከተለወጠ፣ ውሃው ከተለየ ወይም ሽታው ከኮመጠጠ ይጣል።

በቤት የሚፈላ የተልባ ጄል ከዚሁ ጋር ይታያል። ሩብ ኩባያ (40 ግራም ገደማ) ተልባ በግማሽ ሊትር ውሃ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ እያማሰሉ አፍልተው፣ ሲነሳ ክር እየሠራ የሚንጠባጠብ ሲሆን በሙቁ ያጥልሉት፤ ከቀዘቀዘ በወንፊት አያልፍም። መከላከያ ስለሌለበት በፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ሳምንት አያልፍም። አያያዙ ለስላሳ ነው፤ እንደ ፒቪፒ ጄል እንዲይዝ አይጠብቁት።

የወደዱትን ምርት ደግመው ሲገዙ የቀድሞውን ዝርዝር ከአዲሱ ጋር ያስተያዩ፤ የጀርባውን ፎቶ ስልክዎ ላይ ማስቀመጥ በቂ ነው። አምራቾች ማሸጊያውን ሳይቀይሩ ይዘቱን ይቀይራሉ፤ አንዳንዴም ደንብ ያስገድዳቸዋል። ለምሳሌ ቡቲልፌኒል ሜቲልፕሮፒዮናል የተባለው ሽቶ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ታግዷልና በዚያ ገበያ በሚሸጥ ዕቃ ጀርባ ላይ ካዩት የቆየ ክምችት ነው። ከላይኛዎቹ አምስት ስሞች አንዱ ከተለወጠ ወይም ቦታ ከቀየረ ዕቃውን እንደ አዲስ ይቁጠሩት፤ የክርን ሙከራውንም ግማሽ ራሱንም ይድገሙ።